ተሰብሳቢ

ፖስታ ቤቱን አልፎ፣ ዳገቱ ሲጀምር፣
በሁለት ፎቅ መሃል የተሰነቀረች፣ ሁለት በሦስት ሜትር፣
ማኅተም መቅረጫ ናት፣ የይርዳው፣ የአባቴ ቤት፤
ክብ፣ ሞላላ፣ ቲተር፣
ለዕድሩ፣ ለጋራዡ፣ ለክሊኒኩ ጭምር
ሥልጣን ከጎማ ላይ ፍቀን የምናወጣባት።

ግንቦት ላይ ኬብሮን መጣ፣ የእህቴ የበኩር ልጅ፣
«እትዬ፣» አለኝ፣ «እስከ መቼ በእጅ?
ሒሳብሽን ደመና ላይ እናውጣው።»
ሳቅሁ። ደመና ላይ!
በየክረምቱ በቆርቆሯችን ቀዳዳ ገብቶ
ደብተር የሚያበሰብሰው ማን ሆነና?

«ይሄኛው፣» አለኝ ልጁ፣ «ይሄኛው አይዘንብም፤
ሱቅሽ ቢቃጠል እንኳ መዝገብሽ አይነድም።
ካዛንቺስ ተኝተሽ ታያለሽ በስልክሽ፣
ቫቱን ራሱ አስልቶ ቁጭ ያደርግልሻል፤
ሐምሌ በመጣ ቁጥር ገቢዎች በር ላይ
ካርቶን ታቅፈሽ መቆም ይቀርልሻል።»

ገባሁበት እንግዲህ።
ጎማው፣ ቀለሙ፣ ኪራዩ፣ መብራቱ፣
አንድ በአንድ ተጻፈ፣ ጉድለቱም ሙላቱ።
መብራት ሲሄድ እያቆምኩ፣ ኔትወርክ ሲመጣ እየሮጥኩ
በአሥር ቀን ሦስት ዓመት ወደ ሰማይ ጫንኩ።
አንድ ነገር ቀረኝ፤
አባቴ ከመሳቢያው ሥር ይሸሽገው የነበር፣
ጀርባው በቡኒ ፕላስተር የተያዘ የዱቤ ደብተር።

ብዙው ስም የለውም። በቀይ እስክሪብቶ፣ በእጁ ጽሕፈት፦
«ባለ ባርኔጣው መምህር፣ አርባ ብር፣ ለትምህርት ቤት።»
«ያቺ ከቴሌ ኋላ ጋዜጣ የምትሸጥ፣ የዕቁብ ማኅተም፣ ግማሹ።»
«ፍንጭቱ ጠበቃ። ሲሾም ይከፍላል።»
(አልተሾመም መሰለኝ።)
ከዓመታት በኋላ ደግሞ በሰማያዊ ቀለም
በእያንዳንዱ ላይ አንድ ሰያፍ መስመር፣
ከጎኑም ሁለት ቃል፦
እግዜር ይክፈል።

ኬብሮን ግራ ገባው። «ይሄ ምን ይባላል?
የማይሰበሰብ ዕዳ? ስጦታ? የትኛው ዓምድ ይገባል?
ሲስተሙ ባዶ አይወድም፤
ተከፍሏል ወይ አልተከፈለም ነው የሚያውቀው።»
እኔ ደብተሩን ደግሜ አየሁና
«ከፋዩማ ተጽፏል፣» አልኩት፣
«ደንበኛ ክፈትለት።»

ከፈተ።
የደንበኛ ስም፦ እግዜር።
አድራሻ፦ እጁ ቆመ። «አዲስ አበባ ልበለው?»
«በለው።»
የግብር ከፋይ ቁጥር፦ ዘለልነው።
ስልክ ሲደርስ ግን ቀዩ ምልክት አላሳልፍ አለን፤
የራሴን ሰጠሁ።
ጠቅላላ ዕዳ፦ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ስድሳ አራት ብር ከሃምሳ።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ወር በባተ ጠዋት፣
ሱቅ ስከፍት፣ ታክሲ ውስጥ፣ አንዴም ለቅሶ ቤት፣
ስልኬ ትጮሃለች፦
«ውድ እግዜር፣ ያልተከፈለ ሒሳብ አለብዎት።
ቀኑ ካለፈ ዘጠኝ ሺህ አንድ መቶ ሁለት ቀን ሆኖታል።
እባክዎ በቶሎ ይክፈሉ።
ይርዳው ማኅተም ቤት።»

መጀመሪያ ሳቄ አላቆም አለ።
ኋላ አንድ ቀን፣ አከራዩ በሩ ላይ ቆሞ፣
የጎማ ዋጋ በእጥፍ በጨመረ ሰሞን፣
መልእክቱ ሲገባ
«እውነትም ክፈል እንጂ!» ብዬ ጮህኩ፤
አከራዩ ለእሱ መስሎት ደነገጠ።

ሰኔ ሠላሳ ማታ ነው። ኬብሮን ዓመቱን ሊዘጋ
«ይችን እንሰርዛት?» አለኝ። «አንዴ መንካት ነው፣ ትጠፋለች።»
ጣቱን ያዝኩት።
«ተዋት።
ባለዕዳው ላይ ነው። አበዳሪውም ካለፈ ላይ ነው።
መዝገቡንም አንተው ራስህ ላይ አወጣኸው።
እዚያው ይተሳሰቡ።»

ልጁ ዝም ብሎ ላፕቶፑን ከደነ።
ከዳገቱ አናት፣ ከፎቆቹ በላይ
ደመናው ይሰበሰባል፣ እየከበደ፣ እየጠቆረ።
ባልዲዋን አንሥቼ
ከቆርቆሮው ቀዳዳ ሥር አኖርኳት።